የኤታኖል አተላን በፌንተን ስናክም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) ኤታኖል ተጣርቶ ሲወጣ የሚቀረው አተላ ቪናስ ይባላል። ለ1 ሊትር ኤታኖል ከ8 እስከ 15 ሊትር ይወጣል። ትኩስ፣ አሲዳማና እንደ ቡና የጠቆረ ነው። ፊንጫና መተሐራም ኤታኖል የሚሠሩት ከሞላሰስ ስለሆነ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ፌንተን ብረት ሰልፌትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተቀላቅለው ብክለትን የሚያቃጥሉበት ዘዴ ነው። ጥሬውን ቪናስ ግን በኬሚካል ብቻ ለመጨረስ አትሞክሩ። እስቲ አስሉት። ሲኦዲ ማለት ብክለቱን በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ነው። 1 ግራም ሲኦዲ ለማቃጠል 2.1 ግራም ያህል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈልጋል። ቪናስ ደግሞ በሊትር 100 ግራም ሲኦዲ ቢይዝ አይገርምም። ለ1 ሜትር ኩብ ብቻ 50 በመቶውን ፐርኦክሳይድ ከ400 ኪሎ በላይ ልትገዙ ነው! መጀመሪያ ባክቴሪያ አየር በሌለው ገንዳ ይብላው፤ ባዮጋዝም ታገኛላችሁ። ፌንተን ባክቴሪያ ላቃተው ቡናማ ቀለም ይቆይ።

ከባክቴሪያው የወጣው ውሃ አሲድነቱን አጥቷል። ፒኤቹን ወደ 3 አካባቢ ሳታወርዱ ፌንተን አይሠራም። አሲድ ሲገባ አረፋ ስለሚገነፍል ገንዳውን እስከ አፉ አትሙሉ።

ብረት ሰልፌቱ ይቅደም፤ ፐርኦክሳይዱ ቀስ በቀስ ይከተል። ባንዴ ከደፋችሁት ይግላል፣ ይገነፍላል፣ ግማሹም በከንቱ ይባክናል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ታክሞ የወጣውን ናሙና የተረፈ ፐርኦክሳይድ መኖሩን ሳያዩ ሲኦዲ መለካት! እኔም ተሸውጄበታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲኦዲው አልወርድ አለኝ። ፐርኦክሳይድ ጨመርኩ፤ ባሰበት። ብረቱን ጠረጠርኩና ሌላ አስገዛሁ። ለካ ሲኦዲ የምንለካበት ኬሚካል፣ ዳይክሮሜቱ፣ የተረፈውን ፐርኦክሳይድም እንደ ብክለት ይቆጥረዋል። በሊትር 1000 ሚሊግራም ከተረፈ እስከ 470 ሚሊግራም የውሸት ሲኦዲ ያሳያል። ዛሬም ጎበዝ ተማሪዎች በዚሁ ተስፋ ሲቆርጡ አያለሁ፤ አንጀቴን ይበሉታል። እባካችሁ በመፈተሻ ወረቀት እዩት። ካለ ፐርኦክሳይድን በሚሰብረው ኢንዛይም በካታሌዝ አጥፉት። ሶዲየም ሰልፋይትም ይሠራል፤ ከበዛ ግን እሱም ሲኦዲውን ያንረዋል።

ፐርኦክሳይድ የተረፈበትን ናሙና በጠርሙስ ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑ፤ ጋዙ ያፈነዳዋል።

ውሃው ስለጠራም አትዘናጉ። ለምሳሌ ኦዞን የተባለው ሌላው ማቃጠያ ጋዝ ቀለሙን ቶሎ ያነሣል፤ ሲኦዲው ግን አብዛኛው እዚያው ሊቀር ይችላል።

የሚዘቅጠው የብረት ጭቃ የት እንደሚደርቅና የት እንደሚወገድ ሥራው ሳይጀመር ይወሰን። ገንዳው ከሞላ በኋላ ቦታ ፍለጋ ሲሮጥ፣ ጭቃው ዝናብ እየመታው ወደ ወንዝ ሲወርድ አይቻለሁ።