ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና ልጅ የምታዘጋጁ የሰሜን ሸዋ ወላጆች፣ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ዘንድሮ 8ኛ ክፍል የሚፈተን ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አሪፍ አስጠኚ ታውቃለህ ወይ። ድንጋጤው ይገባኛል፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ አዳሪዎቹ ደግሞ ልጆቻቸውን በብዛት ሲያሳልፉ ስለሚታይ ሁሉም ወደዛ ነው የሚሮጠው፣ ቦታው ግን ጥቂት ነው። እና ልጁ የቱ ጋ እንደጎደለው ሳታውቁ አስጠኚ ከቀጠራችሁ ብር መበተን ነው በቃ።

በመጀመሪያ መስፈርቱን አጣሩ፣ ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አትጠብቁ። ወረዳ ትምህርት ጽህፈት ቤት ወይ ራሱ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ከክፍሉ ስንተኛ መውጣቱን ይጠይቃል ወይ፣ የ8ኛ ክልላዊ ውጤት ስንት ይፈልጋል፣ ፈተናው በምን በምን ትምህርት ነው፣ በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ፣ አፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ የሚለካ ጥያቄ) አለው ወይ፣ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል ወይ። ይሄ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ የጎረቤት ወሬ ይዛችሁ እንዳትዘጋጁ።

ከዛ ልጁን ራሳችሁ ፈትኑት። መምህር መሆን አይጠበቅባችሁም። "ና እስኪ የኔ ጌታ ይቺን ስራልኝ" ብላችሁ 3/4 ሲደመር 2/3 ስጡት። 5/7 ብሎ ከመለሰ ችግሩ 8ኛ ክፍል አይደለም፣ ክፍልፋይ የተማረበት 5ኛ ክፍል አካባቢ ነው፣ ላይኛውንና ታችኛውን ዝም ብሎ እየደመረ ነው (መልሱ 17/12 ነው)። ቀጥሎ ይቺን፦ 8,000 ብር የነበረ በግ ለፋሲካ 15 በመቶ ጨመረ፣ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ከጨመረበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቀነሰ፣ አሁን ስንት ነው? ብዙ ልጅ ቶሎ ብሎ 8,000 ይላል። ወደ 9,200 ወጥቶ ወደ 7,820 ነው የሚወርደው። እዚህ ጋ ተሳስቶ ስታስረዱት ወዲያው ከገባው ችኮላ ነው፣ ካልገባው ግን ፐርሰንትን ከስሩ መማር አለበት። ለእንግሊዝኛ ደግሞ ከራሱ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ አስነብቡትና በአማርኛ ምን እንዳለ ንገረኝ በሉት። ማንበብ ሳይሆን መረዳቱን ነው የምታዩት፣ ምክንያቱም 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳን እዛ ሄዶ ይንገዳገዳል።

ባለፉት ዓመታት በፀጥታው ምክንያት ትምህርት በተቋረጠባቸው ወረዳዎች ያላችሁ ይሄን በተለይ በደንብ አድርጉት። ልጁ ካርዱ ላይ 8ኛ ቢባልም መሃል ላይ ያልተማረው ምዕራፍ ሊኖር ይችላል፣ የሱ ጥፋት አይደለም፣ እየተቆጣችሁ አታስጨንቁት። የተዘለለውን ከመጽሐፉ ማውጫ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ለአስጠኚው የምትሰጡት ስራ እሱ ነው።

አሁን አስጠኚ። ከተማው ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙ ነው፣ የሚያስጠኑ መምህራንም አሉ። ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ጎበዝ አስጠኚ አይደለም፣ ስለዚህ ውጤቱን ሳይሆን ሲያስረዳ እዩት። የመጀመሪያውን ቀን እዛው ቁጭ በሉ፣ ቡና እያፈላችሁም ቢሆን። እስክሪብቶው በማን እጅ እንዳለ ተመልከቱ፣ አስጠኚው እየፃፈ ልጁ "እሺ ቲቸር እሺ ቲቸር" እያለ ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። የቤት ስራ የሚሰራለትንማ ጭራሽ አታስገቡት፣ ልጁም ይወደዋል መምህሩም ራይት ያደርጋል፣ የሚጋለጠው ፈተና ቀን ነው። ክፍያውን መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ በሰዓት ነው በወር፣ የቀረበት ቀን ይካካሳል ወይ። በኔ እይታ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ በየቀኑ ከሆነ ልጁ ብቻውን የሚሰራበት ጊዜ ያጣል። አቅም ከሌላችሁ ሶስት አራት ወላጅ ሆናችሁ አንድ አስጠኚ ያዙ፣ ደረጃቸው የተቀራረበ ልጆች ይሁኑ እንጂ ችግር የለውም። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ስንቅ እየተመላለሰላቸው የሚማሩ ልጆች ደግሞ ከአስጠኚ በፊት ማታ መብራትና የሚያነቡበት ሰዓት ነው የሚያስፈልጋቸው፣ ምግብ አብስሎ ልብስ አጥቦ ሲጨርስ እንቅልፍ የሚጥለውን ልጅ ቲቶር አያድነውም።

አፕቲትዩድ ካለው ከኢንተርኔት የሚወርዱት ዎርክሺቶች ብዙዎቹ እንግሊዝ አገር ለግራመር ስኩል መግቢያ፣ ኢለቨን ፕላስ ለሚሉት ፈተና፣ ለ10 እና 11 ዓመት ልጅ የተሰሩ ናቸው። የቅርፅና የቁጥር ቅደም ተከተል ያለውን ተጠቀሙበት፣ የቃላቱን ክፍል ግን ተዉት፣ በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ልጅ ነው የተዘጋጀው።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ሰዓት ይዛችሁ አሰሩት፣ ስልክ ሌላ ክፍል ይሁን። መልስ ማጥቆርም ልምምድ ይፈልጋል፣ አንድ ጥያቄ ዘሎ መልስ ወረቀቱ ላይ ሳይዘል ከቀረ ከዛ በታች ያለው በሙሉ ይዛባል፣ በየአስር ጥያቄው ቁጥሩን ያመሳክር። ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ከመሐል ሜዳ፣ ከአለም ከተማ፣ ከሞላሌ ለፈተና ደብረ ብርሃን የምትመጡ በዋዜማው ግቡ፣ የጠዋት መኪና አይታመንም። ከሸዋሮቢትና ከአረርቲ የምትመጡ ደግሞ ሹራብ አትርሱ፣ የደብረ ብርሃን ጠዋት ቆላ ላደገ ልጅ እጅ ያደነዝዛል፣ በደነዘዘ እጅ ደግሞ ማጥቆር ፈተና ነው። እርሳስ ሁለት፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። የልጁ ስም ካርዱ ላይና ምዝገባው ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ አይነት መፃፉን ደግሞ ስትመዘገቡ እዛው መስኮቱ ጋ ቆማችሁ አረጋግጡ፣ በኋላ ለማስተካከል ያለው ምልልስ አይወራም።