አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ተደፍኖ ሲቆይ ምን ማድረግ ይገባል?

ጉንፋንም ሆነ አለርጂ አፍንጫን የሚደፍነው ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ነው። አንደኛው ቀዳዳ ብቻ ለሳምንታት ተደፍኖ ከቆየ፣ በዚያው ወገን ነስር ከተመላለሰ ወይም የማሽተት ችሎታ ከቀነሰ፣ የሚረጭ መድኃኒት ከመቀያየር ይልቅ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሄዶ በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ) መታየት ይገባል።

ከአፍንጫና ከሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ በአጥንት ውስጥ ካሉ አየር የያዙ ክፍተቶች) ሽፋን ከሚነሱት ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች ዋነኞቹ ፓፒሎማዎች ሲሆኑ ሦስት ዓይነት ናቸው። ወደ ውጭ የሚያድገው ዓይነት በአብዛኛው ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ኪንታሮት ከሚያመጣው የኤችፒቪ ቫይረስ ዓይነት 6 እና 11 ጋርም ይያያዛል። ኦንኮሲቲክ የሚባለው እምብዛም አይገኝም። በብዛት የሚታየውና ይበልጥ የሚያሳስበው ኢንቨርትድ ፓፒሎማ ነው፤ ሽፋኑ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ስለሚያድግ አጥንት ይገፋል፣ ሥሩ ከቀረም ተመልሶ ይበቅላል፣ ከ100 ታማሚዎች በግምት ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይም ካንሰር አብሮ ይገኛል ወይም በኋላ ይከተላል። በዓይን ሲታይ ከተራ ፖሊፕ (ካንሰር ካልሆነ የሽፋን እብጠት) ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ የወጣን እባጭ ያለ ናሙና ምርመራ ‹‹ፖሊፕ ነው›› ብሎ ማለፍ፣ የቱንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ ስሕተት ነው።

ናሙና ከመወሰዱ በፊት ግን ሲቲ ስካን ይቅደም። እባጭ የመሰለው ነገር ከራስ ቅል ወለል ሾልኮ የወረደ የአንጎል ሽፋን ወይም፣ በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ፣ ሲነካ ክፉኛ የሚደማ የደም ሥር ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካን አጥንቱ በአንድ ቦታ ወፍሮ ካሳየ ኢንቨርትድ ፓፒሎማው የተጣበቀው በዚያ መሆኑን ይጠቁማል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ዕጢውን ከተጠራቀመ ንፍጥ ይለያል።

የኢንቨርትድ ፓፒሎማ ፍቱን ሕክምና ቀዶ ሕክምና ሲሆን አሁን በአብዛኛው ፊት ሳይቀደድ በኢንዶስኮፕ ይሠራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን ‹‹ሥሩ የት ነው? ከሥሩ ያለው አጥንትስ ይጸዳል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚታየውን እባጭ ብቻ ቆርጦ መተው ዕጢው እንዲመለስ ያደርጋልና። የወጣው ሥጋም በሙሉ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) መላክ አለበት፤ ትንሽ ናሙና የተደበቀ ካንሰርን ሊስት ይችላል።

ዕጢው ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ ሕመም ባይሰማም የኢንዶስኮፕ ክትትሉ ለዓመታት መቀጠል ይኖርበታል። ጉንጭ ከደነዘዘ፣ ዕይታ ሁለት ከሆነ ወይም የማይለቅ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ያስፈልጋል። የፓቶሎጂውን ውጤትና የሥሩ ቦታ የተጻፈበትን የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ አስቀምጦ ለአዲስ ሐኪም ማሳየትም ይጠቅማል፤ ዕጢው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚያው ስፍራ ነው።