የጓደኛን ረቂቅ አንብቦ፣ ሳይቀያየሙ አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

«አነበብኩት። አሪፍ ነው። በርታ!»

ረቂቁን ለጓደኛው ሰጥቶ ሳምንታት የጠበቀ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ፊቱን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ፈገግ ይላል፤ ግን ገብቶታል። ወይ አልተነበበለትም፣ ወይ ተነቦ አልተወደደለትም። በሌላ በኩል ደግሞ «እውነቱን ልንገርህ?» ብሎ የሚጀምር አለ። እሱ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ጸሐፊው ለወራት እስክሪብቶ አያነሳም።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ካፌዎች ቅዳሜ ከሰዓት ወረቀት ዘርግተው የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ሰው ሲኳረፍና ሲታረቅ እያየሁ የለቃቀምኩት ነው። ልብ ወለድ፣ ግጥምም ሆነ መጣጥፍ ለምትጽፉ ይሆናል።

1. ከማንበባችሁ በፊት ጠይቁ

«ምን ላይ ነው ሐሳቤን የምትፈልጊው?» ይህቺ አንዲት ጥያቄ ግማሹን ጠብ ታስቀራለች። ገና የመጀመሪያው ረቂቅ ከሆነ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ገጸ ባህሪዎቹ፣ ስለ አጀማመሩ ማውራት ይቻላል። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሳምንት ለቀረው መጽሐፍ ግን «ዋናዋ ገጸ ባህሪ ወንድ ብትሆንስ?» አይባልም። እዚያ ደረጃ ላይ የሚፈለገው የተገደፈ ፊደልና የተሳሳተ ስም የሚለቅም ዓይን ነው።

ቀን ቁረጡ። ጊዜ ከሌላችሁ «አልችልም» በሉ። «አልችልም» ማለት ነውር የለውም። ነውሩ «እሺ» ብሎ ስልክ ሲደወል አለማንሳት ነው።

2. የሚነበብ ነገር ላኩ

ይህ ለላኪው ነው። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። አንባቢያችሁ ደግሞ በአብዛኛው የሚያነበው ስልኩ ላይ ነው። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ከዎርዱ ጋር ፒዲኤፉንም ላኩ። የገጽ ቁጥር አስገቡ። የገጽ ቁጥር የሌለው ረቂቅ ላይ መነጋገር «እዚያ ጋ፣ ሰውዬው ከገባ በኋላ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ» እያሉ መፈላለግ ነው።

የእኔ ምርጫ ወረቀት ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። በመስመሮቹ መሀል ሰፊ ቦታ ትታችሁ አትሙ፤ እርሳስ ያዙ። በቴሌግራም ረጅም ቮይስ የሚልኩ ሰዎችን ግን እባካችሁ ምከሩልኝ። ቮይስ ውስጥ የተነገረ እርማት ተመልሶ አይገኝም። የጽሑፉ ባለቤት እርማቱን ለማግኘት የታክሲ ጥሩንባና የሰውየውን ሳል ደጋግሞ መስማት አለበት።

3. መጀመሪያ ያለ እርሳስ፣ ከዚያ በእርሳስ አንብቡ

ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የምታነቡ ከሆነ አስተያየት አትስጡ።

4. ፊደል ላይ አትሙቱ

«ፀሐይ» ነው «ጸሀይ»? «ዓለም» ነው «አለም»? በሀ፣ በሐና በኀ ላይ የተጀመረ ክርክር አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሲበላ አይቻለሁ። ጸሐፊው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ከያዘ በቂ ነው። አንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ከጻፈው ክበቡለት። የፊደልና የነጥብ እርማት በአፍ አይነገርም። ወረቀቱን መመለስ ይበቃል።

5. የደከመውን ቦታ መናገር

ዋናው ፈተና እዚህ ነው። እዚህ ጋ ይሉኝታ ይይዘናል። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ማኪያቶ ጋብዞ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ «እንዴት ነው?» ሲል «ታሪኩ አልያዘኝም» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን እናድበሰብሳለን። ሌሎቻችን ደግሞ ይሉኝታውን ለማሸነፍ ብለን እንሳደባለን። መፍትሔው ድፍረት አይመስለኝም። የገጽና የመስመር ጉዳይ ነው። ቦታው በትክክል ሲጠቆም ስድብም ማድበስበስም አያስፈልግም።

ፍርድ አትስጡ፤ ስታነቡ የሆናችሁትን ተናገሩ። «ታሪኩ ይንዛዛል» ፍርድ ነው። «ገጽ 4 ላይ ስልኬን አነሳሁ፤ ገጽ 6 ላይ ልጁ ሲመጣ ነው የተመለስኩት» ግን ማንም የማይክደው ነገር ነው። ጸሐፊው «ገጽ 5 ላይ ምን ጻፍኩ?» ብሎ ራሱ ሄዶ ያያል።

ምሳሌ ላሳያችሁ። እንዲህ የሚል አጀማመር አለን እንበል፦

«ፀሐይ ከእንጦጦ ጀርባ ብቅ ስትል አልማዝ የፒያሳ ቤቷን መስኮት ከፈተች። ልቧ በሐዘን ተሞልቶ ነበር። በጣም አዝና ነበር።»

አንዱ አንባቢ «ክሊሼ ነው» ይላል። ጸሐፊው ይቀየማል፤ የሚያስተካክለው ነገር ግን አላገኘም። ሌላው «ደስ የሚል አጀማመር ነው» ይላል። ይኸኛውም ምንም አላቀበለውም። ሦስተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ «ማዘኗን ሁለቴ ነገርከኝ፤ እኔ ግን ስታዝን አላየኋትም። መስኮቱን ስትከፍት እጇ ምን ይሠራል? መጋረጃውን ትይዛለች? ውጭ ማንን ትፈልጋለች?» አሁን ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ይስባል። ሥራ አገኘ።

እሷ ደግሞ ትቀጥላለች፦ «በዚያ ላይ ከፒያሳ ሲታይ እንጦጦ በሰሜን ነው። ፀሐይ በምሥራቅ፣ በየረር በኩል አይደል የምትወጣው?» እዚህ ላይ ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል፤ ጸሐፊውም ይስቃል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ፀሐይን በእንጦጦ ያወጣታል፤ ምክንያቱም ተራራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት እሱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ስህተት ለጀማሪ አስተያየት ሰጪ ጥሩ መግቢያ ነው። ማንንም አያስቀይምም። በ1997 ምርጫ ሰሞን የሚካሄድ ታሪክ ውስጥ ገጸ ባህሪው ከምኒልክ አደባባይ የከተማ ባቡር ከተሳፈረ፣ ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ስለሆነ ያንን መንገር የዓመት ጉዳይ ብቻ ነው። በ2016 የኮሪደር ልማት ፒያሳ ላይ ብዙ ሰፈር ፈርሷል። ስለዚህ «ዛሬ» የሚል ታሪክ ሳነብ የተጠቀሰው ቤት አሁን መኖሩን እጠይቃለሁ። ከእነዚህ ጀምሩ። አፋችሁ ከተፈታ በኋላ ከባዱን ለመናገር ይቀላችኋል።

ሙገሳን ማስታገሻ አታድርጉት። «ቋንቋህ ውብ ነው፣ ግን...» ሲባል ከ«ግን» በፊት ያለውን ማንም አይሰማም። ሙገሳም ልክ እንደ ወቀሳው ገጽ ይኑረው። «ገጽ 7 ላይ ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ድንኳን ኪራይ የሚከራከሩበትን ሁለቴ አነበብኩት» የተባለ ጸሐፊ ያንን ገጽ በአርትዖት ጊዜ አይሰርዘውም። ጥሩውን ስላልነገርነው ስንት ጥሩ ነገር ተሰርዟል!

«እኔ ብሆን» የሚለውን ተዉት። አንድ የማውቀው ሰው የወዳጁን ግጥም ወስዶ፣ ቤት መምቻውን ሳይቀር ቀይሮ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ ገልብጦ መለሰለት። ቅን ልብ ነበረው፤ ግጥሙም ምናልባት ተሻሽሏል። ገጣሚው ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ረቂቅ አላሳየም። ችግሩን ጠቁሙ፤ መፍትሔው የባለቤቱ ነው። ከለመናችሁ ብቻ አንድ ሐሳብ ጣል አድርጉ።

ሌላው ነውር ሰውየውንና ጽሑፉን ማምታታት ነው። በተለይ ሴት ጸሐፊዎች ላይ ይበዛል። የሚደባደብ ባል ጽፋ ስትመጣ «ይሄ ባልሽ ነው አይደል?» የሚል አይጠፋም። አይባልም! ባሏ ቢሆንም አይባልም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

በዕድሜ ለሚበልጧችሁስ? ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙታል። ያማረ ሲሆን «ይበል!» ይባላል። ማን ማንን እንደሚያርም የታወቀ ነው። ካፌ ውስጥ ግን የኔታ የለም። ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ የስልሳ ዓመት ሰው ረቂቅ ይደርሳታል። እኛ ዘንድ የሚሠራው በጥያቄ መልክ መናገር ነው፦ «ጋሼ፣ ገጽ 12 ላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ ጠፋኝ፤ ደግሜ አንብቤም አልለየሁትም። እርስዎ ማንን አስበው ነው?» አክብሮቱ ሳይጓደል ችግሩ ተነገረ። ጋሼም ብዙ ጊዜ መነጽራቸውን አውጥተው ገጹን ይፈልጋሉ። «የዘንድሮ ልጅ ማንበብ አይችልም» ካሉ ደግሞ ሻይ ይታዘዛል፤ ወደ ሌላው ረቂቅ ይታለፋል።

6. ተራው የእናንተ ሲሆን ዝም በሉ

አስተያየት ስትቀበሉ አታስረዱ። «እዚህ ጋ ለማለት የፈለግኩት እኮ...» ያላችሁት ነገር ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም። መጽሐፉን ገዝቶ የሚያነበው ሰው ቤት ሄዳችሁ አታስረዱትም። ደብተር ይዛችሁ ጻፉ፤ የማትስማሙበትንም ጻፉ። ጥያቄ ካላችሁ መጨረሻ ላይ።

የተባለውን ሁሉ መቀበል የለባችሁም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ፣ የሚሰጡት መፍትሔ ቢለያይ እንኳ ቦታው ችግር አለበት። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የእሱ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ግን ምንም አታርሙ። ብስጭቱ ይብረድ።

ብድር መመለስም አለ። ባለፈው ሳምንት የተተቸ ሰው በዚህ ሳምንት ተራው ሲደርስ ቢላውን ስሎ ይመጣል። ያስታውቃል። እንዲህ ሲሆን በቡድናችን ረቂቁን ለሌላ ሰው እናዞራለን፤ ስለ ምክንያቱ አንነጋገርም።

7. የተሰጣችሁ ረቂቅ እናንተ ጋ ይቅር

ፎርዋርድ አይደረግም። ስክሪንሾት አይነሳም። «ለባለቤቴ ብቻ ነው ያሳየሁት» እንኳ አስቀድሞ ይጠየቅበታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ ሥራን ተጽፎ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ያልታተመ ረቂቅም የባለቤቱ ነው። አዋጁ ሐሳብን ለብቻው ግን አይጠብቅም። «ደብዳቤ አመላላሽ ሆኖ ደብዳቤዎቹን የሚያነብ ሰው» የሚለውን ሐሳብ ማንም አንስቶ በራሱ መንገድ ቢጽፈው በሕግ አይጠየቅም። በወዳጅነት ግን ይጠየቃል። ከሰው ረቂቅ አንድ ሐሳብ ከያዛችሁ ደውላችሁ ንገሩት። ብዙ ጊዜ «ውሰደው» ነው የሚባለው።

መጽሐፉ ታትሞ ወመዘክር ወይም ሌላ አዳራሽ ውይይት ሲደረግበት ነገሩ ይለያል። እዚያ የምትተቹት የታተመውን ነው። ማይክ ይዞ «መጀመሪያ ያሳየኝ ጊዜ እኮ መጨረሻው ሌላ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀየርኩት» ማለት ከባድ ነውር ነው። ጸሐፊው ምስጋናው ላይ ስማችሁን ካስገባ ጥሩ፤ ካላስገባም ዝም ነው።

ሁለተኛውን ረቂቅ ስትልኩ የቀየራችሁትን በሁለት መስመር ጻፉ፤ አንባቢው ሁሉንም ከሥር ጀምሮ እንዳይፈልግ። አንድን ሰው ለአንድ ሥራ ከሁለት ጊዜ በላይ አታስቸግሩ፤ ሦስተኛው ላይ እሱም እንደ እናንተ ጽሑፉን ይለምደዋል፣ ስህተቱም አይታየውም። አዲስ ዓይን ፈልጉ። የማኪያቶውን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ በእኛ ጠረጴዛ ረቂቁ የተነበበለት ሰው ነው። ግጥም ከሆነ ግማሹን፣ ልብ ወለድ ከሆነ ከነኬኩ።