ሙዝ በአሸዋማ መሬት፦ ውሃ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ቁራሽ መሬት ያለው ሰው አንድ ቀን ሙዝ መሞከሩ አይቀርም። አየሩ አያስከፋም፣ ወንዙም ቅርብ ነው። ችግሩ አሸዋ የበዛበት ቦታ ላይ ነው። ዋልካ ማጠጣት የለመደ እጅ እዚህ ሲመጣ ይሳሳታል።

ዋናው ስህተት በሳምንት አንዴ አጥለቅልቆ መሄድ ነው። ዋልካ ውሃውን ይዞ ያቆየዋል። አሸዋ ያሳልፈዋል። የሙዝ ሥር ደግሞ አብዛኛው ከላይ ባለው 40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በታች የወረደ ውሃ ለሙዙ የለም ማለት ነው። እስቲ እናስላው። በደረቁ ወራት ያደገ ሙዝ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ይህም በካሬ ሜትር 5 ሊትር ነው። በ2 በ3 ሜትር ከተከላችሁ አንዱ እግር 6 ካሬ ሜትር ይይዛል። ስለዚህ በቀን 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል ይጠጣል። አሸዋማ አፈር በዚያ ጥልቀት ለሥሩ የሚያቆየው ውሃ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሙዝ ደግሞ ከዚህ ሲሶው ሲያልቅ መጎዳት ይጀምራል። በቃ፣ የሁለት ቀን ስንቅ ነው። በሳምንት አንዴ የሚጠጣ ሙዝ ሁለት ቀን ጠግቦ አምስት ቀን ይጠማል። በየሁለት ቀኑ ሦስት ሦስት ጀሪካን ስጡት።

ቅጠሉ ቀትር ላይ ስለታጠፈ ብቻ ቧንቧ አትክፈቱ። ፀሐይ ሲከር ማጠፉ ያለ ነው። ጠዋትም እንደታጠፈ ከሆነ ግን ጠምቶታል። ካልተማመናችሁ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡት፤ በጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ ደርቋል።

ረጅም ቦይ መቅደድ ሌላው ጥፋት ነው። ውሃው ገና ከአፉ ሳይርቅ ይሰርጋል። እንዲህ ያለ ማሳ በሩቁ ያስታውቃል፤ ከቦዩ አፍ ያሉት ሙዞች ወፍራም፣ ጫፍ ላይ ያሉት ግን ቀጫጭን ናቸው። ቦዩን አሳጥሩት፣ ወይ በጎማ እስከ እያንዳንዱ እግር አድርሱት። አቅም ካለ ጠብታ መስኖ የሚያህል የለም። እሱም ቢሆን አንድ እግር ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይሆንም። አሸዋ ላይ ጠብታው ወደ ጎን አይሰፋም፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ቀዳዳ ዙሪያውን ይሁን።

መሬቱን ራቁቱን መተው የሰጣችሁትን ውሃ ለፀሐይ ማስረከብ ነው። የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ አድርጉ የሚሉ አሉ፤ በዛሬ ዋጋ ለከብት የሚበቃ ከተገኘም ጥሩ ነው። የራሱ የሙዙ ደረቅ ቅጠልና የተቆረጠው ግንድ ይበቃል። ግንዱን እንዳይነካ ትንሽ ራቅ አድርጉት። ከመትከላችሁ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ብትጨምሩ አሸዋው ውሃ መያዝ ይማራል።

ዩሪያ በትኖ አጥለቅልቆ ማጠጣት ብሩን ከውሃው ጋር መስደድ ነው። ከፋፍላችሁ በጥቂት በጥቂቱ ስጡ፣ በላዩም ለስለስ ያለ ውሃ ብቻ።

ከሙዙ ሥር የሚበቅሉትን ልጆች ሁሉ ማሳደግም ውሃ ይጨርሳል። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ይበቃሉ፤ የቀረው ይቆረጥ።

በልግን አምኖ ውሃ መተውም አለ። አንድ ቀን ዘንቦ ሳምንት ከጠፋ አሸዋ አይጠብቅም፣ ቆፍራችሁ እዩት። በታኅሣሥ ደግሞ በተቃራኒው ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሙዙ ብዙም አያድግም፤ መጠኑን ቀንሱ። ደሴ ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ፣ ብርዱ ራሱ እድገቱን ይይዘዋል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ውሃ ብንጨምርለትስ?» ይላሉ። ለጥላ ካልሆነ ለፍሬ አይድከሙበት።