ማጨስ እያቆሙ ወደ ሙዚቃ ምሽት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች የአገሩን ቦታዎች ስም በያዙበት በወሎ፣ ሲጋራ ያቆመን ሰው ከማሲንቆና ከከበሮ ራቅ ማለት የማይሆን ምክር ነው። የኒኮቲን እጦት በሚበረታባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ቤት ማምሸቱ ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሙዚቃ ምሽት መታደም ይቻላል። ብዙውን ሰው የሚጥለው ሙዚቃው ሳይሆን ሙዚቃው የሚቋረጥባቸው ደቂቃዎች ናቸው።

ስለዚህም ትልቁ ስህተት ለዘፈኑ እንጂ ለእረፍቱ ሳይዘጋጁ መሄድ ነው። እስክስታ ላይ ያለ ሰው ትከሻውም ትንፋሹም ሥራ ስለሚይዙ ሲጋራ ትዝ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። ፈተናው የሚመጣው ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል የተባለው ዝግጅት እስከ ሦስት ተኩል ሲጎተት፣ ድምፅ ማጉያው ሲፈተሽ፣ ወይም ከሞቀ ጨዋታ በኋላ ለስለስ ያለ ትዝታ ገብቶ ታዳሚው ሲቀመጥና እጅ ሥራ ሲፈታ ነው። የማጨስ አምሮት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ መልሶ የሚበርድ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው እነዚያን ደቂቃዎች የሚያሳልፍ ነገር ነው፤ በኪስ የተያዘ ቆሎ፣ በዝግታ የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከማያጨስ ወዳጅ ጋር የሚጀመር ወግ። አዝማሪ ቤት ከሆኑ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መላ አለ፤ ለአዝማሪው «ተቀበል» ብለው ስንኝ ይስጡት። የሚቀጥለውን ስንኝ ቤት ለማስመታት የሚጨነቅ ሰው ሲጋራ የሚያስብበት ፋታ የለውም።

ሁለተኛው ስህተት «አየር ልቀበል» ብሎ ከአጫሾች ጋር መውጣት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ፣ እንዲሁም ከበራቸውና ከመስኮታቸው በ10 ሜትር ክልል ማጨስ የተከለከለ ነው፤ ይሁንና አጫሹ ከቤት ቢወጣም ከበር ስለማይርቅ፣ ለሚያቆም ሰው ከሁሉም የከፋው ቦታ በሩ ይሆናል። እዚያ ሱቅ በደረቴው ማስቲካውን፣ ሶፍቱንና ከረሜላውን ደርድሮ፣ ከጎኑ አፉ የተከፈተ ፓኬትና ላይተር ይዞ ይቆማል። በፍሬ ስለሚሸጥ፣ ፓኬት ለመግዛት ፈጽሞ የማይደፍር ሰው እንኳ አንዷን ሳያስብበት ይገዛታል። ባልንጀራም «አብሽር፣ አንዴ ብቻ ሳብ አድርጋት» ማለቱ አይቀርም፤ በክፋት ሳይሆን በፍቅር ስለሚለው እምቢ ማለቱ ይከብዳል። እንግዲያው ማቆምዎን ለጓደኞችዎ ገና ከቤት ሳይወጡ ይንገሩ፤ አየር ካስፈለገዎትም ከማያጨስ ሰው ጋር ሆነው ከበሩ ራቅ ይበሉ። ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የደሴ ብርድም ሰበብ ልትሆን አይገባም፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ጣትን ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም።

የሚጠጣውን ነገር ችላ ማለትም ሌላው ስህተት ነው። ከሲጋራ ጋር ተለምዶ የኖረ ቢራ ወይም ጠጅ ትዝታውን ከመቀስቀሱም በላይ ውሳኔን ስለሚያላላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አምቦ ውሃ ወይም ብርዝ ይዞ ማምሸት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ጫት ሲቅሙ ውለው ማታ ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ወደ ሙዚቃ ቤት የሚገቡ ከሆነ ደግሞ፣ ጫቱም መጠጡም ከሲጋራ ጋር የተጎዳኙ በመሆናቸው ፈተናውን በገዛ እጅዎ ደራርበውታል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ቡናን ነው። የሲጋራ ጭስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ እንደ ወትሮው አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው ካፌይኑ በደሙ ውስጥ ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። መቁነጥነጡንና የልብ ምቱን «ሲጋራ አማረኝ» ብሎ የሚተረጉመውም ያኔ ነው። በዝግጅቱ ቀን ከአቦል በኋላ መነሳት ነውር የሚሆንበት ቤት ከሆነ፣ ቢያንስ የቀሩትን ሲኒዎች ጎደል አድርገው ያስቀዱ።

ሲጋራውን በሺሻ ልተካው ማለት ብዙ ሐተታ አያሻውም፤ ሺሻም ትምባሆ ነው፣ ያው አዋጅም ከልክሎታል።

የኒኮቲን ማስቲካ ያገኙ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ ማኘክ ነው። ኒኮቲኑ የሚሠራው በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ሲገባ ስለሆነ፣ የሚለበልብ ጣዕም እስኪሰማ ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ከዚያም በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ፣ ጣዕሙ ሲጠፋም መድገም ያስፈልጋል። ቡናና ለስላሳ መጠጥ የሚገባውን መጠን ስለሚቀንሱ፣ ከመጠቀምዎ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎችና እያኘኩ ሳለ አይጠጧቸው። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕሙማን አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

በመጨረሻ፣ አንድ ሲጋራ ያመለጠው ሰው «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማጨሱ ከመጀመሪያዋ ሲጋራ የበለጠ ይጎዳዋል። አንዷ ከተጨሰች በዚያው ይቁሙ፤ የተረፈ ፓኬት ካለ ይጣሉት እንጂ ይዘውት ወደ ቤት አይግቡ። በማግስቱ ያች ሲጋራ በየትኛው ሰዓት፣ በማን እጅና በየትኛው እረፍት መካከል እንደመጣች አስታውሰው፣ ለሚቀጥለው ምሽት የሚዘጋጁት ለዚያች ሰዓት ይሁን።