የሳምንቱ አስቤዛ ለምን ጨመረ? ዋጋውን ከአመላችን ለይቶ የማስላት ዘዴ

አስቤዛ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ «ምንም ሳልገዛ ገንዘቡ አለቀ» ይላል። እውነቱን ነው። ግን እዚህ ቅሬታ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ የዕቃው ዋጋ መናሩ ነው። ሌላው ሳናስተውለው ዘንቢላችን ውስጥ የሚገባው ነገር መለወጡ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ገዢ ብቻውን አያቆመውም። ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ከቁጠባው በፊት የትኛው ስንት እንደወሰደ እንለይ። ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

በየወሩ በዜና የምንሰማው የዋጋ ግሽበት ቁጥር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የሚለካው የአማካይ ቤተሰብን ወጪ ነው። ሕፃን ያለበት ቤትና ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ የሚገዙት አይገናኝም። በዚያ ላይ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይበልጣል። ይህን ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሰው ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 አሳይቶታል፤ እስካሁንም በየአገሩ እየታየ ነው። የምግብ ዋጋ ሲጨምር ሁሉም እኩል አይመታም።

መጀመሪያ፦ ደረሰኝ ሰብስቡ

የአራት ሳምንት ደረሰኝ ያዙ። ደረሰኝ ከማይሰጥ ሻጭ ስትገዙ እዚያው ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። «ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ» የተባለ ነገር አይጻፍም።

ወሩ ሲሞላ በሦስት ክፈሉት፦ በየሳምንቱ የማይቀር ምግብ፣ አልፎ አልፎ የሚገዛ ምግብና ምግብ ያልሆነ ነገር። ይህ ሦስተኛው ክፍል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሳሙናው፣ ሶፍቱ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሹ ሁሉ «ምግብ ተወደደ» በሚል ስም ነው የሚከፈልላቸው።

ከመጀመሪያው ክፍል ብዙ ገንዘብ የሚበሉትን አሥራ ሁለት ያህል ዕቃዎች ምረጡና እነሱን ብቻ ተከታተሉ። ሁሉንም ልመዝግብ ያለ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ጨው በእጥፍ ቢጨምር እንኳ የወር ወጪ ላይ አይታይም። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሥጋና ወተት ግን ትንሽ ሲነቃነቁ ኪስ ያውቃል።

ሁሉንም ወደ አንድ መስፈሪያ አምጡ

ደረሰኝ ላይ ያለው የእሽጉ ዋጋ ነው። እሽግ ደግሞ ያታልላል። 500 ግራም ይይዝ የነበረ ፓኬት አሁን 450 ግራም ሆኗል እንበል። ቀለሙ ያው፣ ዋጋውም ያው 100 ነው። በኪሎ ስታሰሉት ግን 200 የነበረው 222 ገብቷል። አምራቹ የቀነሰው 10 በመቶ ነው፤ እናንተ ላይ የጨመረው ግን 11 በመቶ። ይህን ጭማሪ ዓይን አያየውም፤ ምክንያቱም ዓይናችን የለመደው ዋጋውን ማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ሱቆች ከእሽጉ ዋጋ ጎን የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ እንዲጽፉ ያዛል። ፈረንሳይ ደግሞ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ግዴታ ጨምራለች። መጠኑ ተቀንሶ የኪሎ ዋጋው የጨመረ ዕቃ ካለ ትልልቅ ሱቆች አጠገቡ ማስታወቂያ መለጠፍ አለባቸው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት የሚያስታውሳችሁ ደብተራችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ በጻፋችሁ ቁጥር ግራሙንም ጻፉ።

ዘይት ላይ ቆም በሉ። አንዱ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ተለክቶ ይሸጣል፤ መደርደሪያ ላይ ግን አጠገብ ለአጠገብ ነው የሚቀመጡት። የምግብ ዘይት ከውሃ ይቀላል። አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። የአንድ ኪሎውና የአንድ ሊትሩ ጠርሙስ ዋጋቸው እኩል ከሆነ የኪሎውን አንሱ፤ 9 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዘይት አለው። በአምስት ኪሎ ጀሪካን ከሆነ ትርፉ ከ400 ሚሊ ሊትር ያልፋል። ይህ ለብዙ ቤት የበርካታ ቀን ዘይት ነው።

አሁን ጭማሪውን ለሁለት ክፈሉት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በፊት የነበረ ደረሰኝ ካላችሁ አውጡት። ከሌላችሁም ችግር የለም፤ ይህ ወር መነሻ ይሁንና ከሦስት ወር በኋላ አወዳድሩ።

በመነሻው ወር የገዛችሁትን መጠን እንዳለ ውሰዱ። ይህን ያህል ኪሎ ሩዝ፣ ይህን ያህል ሊትር ወተት፣ ይህን ያህል እንቁላል። መጠኑን አትንኩት። ዋጋውን ብቻ በዛሬው ቀይሩና ደምሩ። ዘዴው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኢኮኖሚስት ኤቲየን ላስፔይሬስ እ.ኤ.አ. በ1871 ያቀረበው ስሌት ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ግሽበትን የሚለኩበት መንገድም መሠረቱ ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። በመነሻው ወር ወጪያችሁ 1,000 ነበር። በዚህ ወር 1,250 አወጣችሁ። ያንኑ የድሮውን መጠን በዛሬ ዋጋ ስትደምሩት 1,120 መጣ። እንግዲህ ከ250ው ጭማሪ 120ው የዋጋ ነው። የቀረው 130 የመጣው ከዘንቢሉ ነው፦ አዲስ የተጨመረ ዕቃ፣ በዛ ያለ መጠን ወይም ወደ ውድ ብራንድ መሸጋገር። 130ው ሁሉ ብክነት ነው አላልኩም። ልጅ አድጎ ይሆናል፣ እንግዳ በዝቶ ይሆናል። ግን ምን እንደሆነ ስሙን ማወቅ አለባችሁ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የድሮው መጠን በዛሬ ዋጋ 1,120 ሆኖ እናንተ ያወጣችሁት 1,000 ብቻ ከሆነ፣ ወጪ አልጨመረም ብላችሁ አትደሰቱ። ከማዕድ ላይ የጎደለ ነገር አለ። ፈልጉት። እንቁላሉ፣ ወተቱ ወይም ፍራፍሬው ከሆነ የጎደለው፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ መልሱትና ሌላ ቦታ ቀንሱ። ሆድ የሚሞላውን ብቻ አስቀርቶ ገንቢውን መተው ቁጠባ ነው ብዬ አላምንም።

ከዚያ ዕቃዎቹን በተራ ደርድሩ። ስትደረድሩ በመቶኛው አትመሩ፤ በገንዘቡ ነው። 60 በመቶ የጨመረ ቅመም ወሬ ይሆናል እንጂ ብዙ አይነካችሁም። 8 በመቶ ብቻ የጨመረ ሥጋ ግን ከእሱ ብዙ እጥፍ ሊወስድባችሁ ይችላል። ከላይ ያሉት ሦስት ወይም አራት ዕቃዎች ናቸው ሥራችሁ። ሌላውን ለጊዜው ተዉት።

የሚበላውን ነገር ዋጋ አውጡ

ለእነዚያ ሦስት አራት ዕቃዎች አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። የከፈላችሁበት ሁሉ አፍ አይገባም። አጥንት አለ፣ ልጣጭ አለ፣ የቆርቆሮ ውሃ አለ።

የታሸገ ሽምብራን እንውሰድ። 400 ግራም የሚል ቆርቆሮ ሲጠነፈፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው 240 ግራም ገደማ ነው። የቀረው ውሃ ነው። ደረቅ ሽምብራ ግን ተዘፍዝፎ ሲቀቀል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎው ከአንድ ኪሎ በላይ የሚበላ ነገር ይሰጣል። ስለዚህ የቆርቆሮውን ዋጋ ለ240 አካፍሉት፤ የደረቁን ደግሞ ከተቀቀለ በኋላ በሚመዝነው። ማገዶውን ወይም መብራቱን መቁጠር አትርሱ። ሌሊቱን ካደረ ቶሎ ስለሚበስል ወጪው ይቀንሳል። ጊዜ ለሌለው ሰው ቆርቆሮው ያዋጣው ይሆናል፤ ቢያንስ ለዚያ ጊዜ ስንት እየከፈለ እንደሆነ ይወቅ።

ሥጋም እንደዚያው ነው። አጥንት ያለውና የሌለው በአንድ የኪሎ ዋጋ አይወዳደሩም። ቤት ስትደርሱ አንድ ጊዜ ብቻ አጥንቱን ለይታችሁ መዝኑና የቀረውን አስሉ። አጥንቱን ለሾርባ የምትጠቀሙበት ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ተልጦና ተከትፎ የሚሸጥ አትክልት ላይ የምትከፍሉት ደግሞ ለቢላዋው ነው፤ ደግሞም ቶሎ ይበላሻል።

ከቤት ከመውጣት በፊትና ሱቅ ውስጥ

ዝርዝሩ ከፍሪጅና ከጓዳ ይጀምር። በሩን ከፍታችሁ ያለውን እዩ፤ መጀመሪያ ሊበላሽ የደረሰውን ጻፉ፤ ለሱ የሚሆን ምግብ አስቡ፤ የጎደለውን ብቻ ዝርዝሩ ላይ አስፍሩ። ለሰባት ቀን ሰባት ምግብ አታቅዱ። አምስት ይበቃል። ሁለቱን ቀን ትራፊው ይሸፍነዋል፣ ካልሆነም ያላሰባችሁት ነገር ይመጣል።

ሱቅ ውስጥ ብዙ የሚባል የለም። ጠግባችሁ ሂዱ። ከዓይን ከፍታ በላይና በታች ያለውን መደርደሪያ እዩ። «ሦስት ለሁለት» የሚለውን የምትወስዱት ሦስቱም ሳይበላሹ የሚበሉ ከሆነ ብቻ ነው። ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ ርካሽ ነው የሚል እምነት አለ፤ የኪሎውን ዋጋ ካላያችሁ አትመኑት፤ አንዳንዴ ትንሹ ይረክሳል።

ዋጋ ሊጨምር ነው ተብሎ ሲወራ ደግሞ ጓዳ ሙሉ መግዛት ያምራል። እስቲ ቀስ በሉ። በሳምንት የምትጠቀሙበትን መጠን ከደብተሩ አውጡና ስንት ሳምንት እንደሚያቆያችሁ አስሉ። ዘይት ብዙ ሲቆይ ሽታው ይለወጣል፣ ዱቄት ይነቅዛል። ጨውና ስኳር በደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ግን ችግር የለባቸውም።

የተገዛው ይበላ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤቶች የወጣ ነው። ከከፈላችሁበት ውስጥ አሥር በመቶው ቆሻሻ ቅርጫት ከገባ የገዛችሁት ሁሉ በ11 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። ያ የ450 ግራሙ ፓኬት ስሌት እዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ አሁን የቀነስነው እኛው ነን።

ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ አይለፍ፤ ማቀዝቀዣው (ፍሪዘሩ) ከዜሮ በታች 18 ይሁን። አዲስ የገዛችሁትን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት አድርጉ። ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ይበልጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎ የማይበላውን ቆርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ድንችና ሽንኩርት አንድ ላይ አታስቀምጡ። የበሰለ ሩዝ ድስት ውስጥ ሲውል ለሆድ አደገኛ ነው፤ ቶሎ አብርዳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ማሸጊያ ላይ «ቢበላ ይመረጣል» የሚለው ቀን ስለ ጣዕም ነው፤ ካለፈም በኋላ አሽትቶና አይቶ መወሰን ይቻላል። ሥጋና ዓሣ ላይ የሚጻፈው «እስከዚህ ቀን ድረስ ይበላ» የሚለው ግን ስለ ጤና ስለሆነ አትቀልዱበት።

መነሻውን መቼ እንቀይር?

«ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና ስትሰሙ ዋጋ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው። በብሪታንያ የምግብ ዋጋ ዓመታዊ ጭማሪ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ከ19 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በኋላ ፍጥነቱ ወረደ፤ ዋጋው ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የሚያወጣው የምግብ ዋጋ መለኪያም የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ማግስት፣ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ.፣ እስከዚያ ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ወጥቶ ከዚያ ወረደ። ያ መለኪያ የሚከታተለው ግን በጅምላ የሚሸጠውን እህል፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሥጋና የወተት ውጤት ነው። ሱቅ የምንከፍለው ላይ ነዳጁ፣ ማጓጓዣው፣ ማሸጊያው፣ ደመወዙና ኪራዩ ይደመራል።

ስለዚህ የድሮውን ዋጋ ይዞ መብሰልሰል አይጠቅምም። ስሌቱን በየሦስት ወሩ ድገሙት። በዓመት አንዴ ደግሞ አዲስ ወር መነሻ አድርጉ፤ ምክንያቱም በዓመት ውስጥ የምትበሉት ራሱ ይለወጣል፣ የማትገዙትን ዕቃ ዋጋ መከታተልም ትርፉ ድካም ነው። የአሮጌውን ዓመት ገጽ ግን አትቅደዱት። አንድ ሻጭ «ይህ ፓኬት ድሮም 450 ግራም ነበር» ሲላችሁ ይጠቅማችኋል።