በፒርጊ መንደር የማስቲካ ሙጫ እንዴት ይመረታል

ፒርጊ ያለችው በግሪክ ኪዮስ ደሴት ደቡብ ነው፤ ማስቲካ የሚባለውን የዛፍ ሙጫ ከሚያመርቱት 24 መንደሮች ትልቋ እሷ ናት። በ14ኛው መቶ ዘመን ደሴቲቱን የያዙት ጄኖአውያን (የጣሊያኗ ጄኖአ ሰዎች) መንደሮቹን እንደ ምሽግ አሠርተዋቸዋል። የዳር ቤቶች ተገጥግጠው አጥር ይሆናሉ፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ መሐል ላይ ማማ ይቆማል። ነዋሪው ከወንበዴ የሚጠበቀው ከነሙጫው ነበር። እርሻው ከግንቡ ውጭ ስለሆነ ዛሬም ገበሬው ጠዋት ወጥቶ ይመለሳል።

የማስቲካ ዛፍ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ቁጥቋጦ መሰል ሲሆን ሙጫ መስጠት የሚጀምረው በአምስተኛው ዓመት አካባቢ ነው። ከአንድ ዛፍ በአማካይ በዓመት ከ150 እስከ 180 ግራም ገደማ ይገኛል። ምርቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ በአፈር የተበላሸች እያንዳንዷ ጠብታ ታሳዝናለች። ስለዚህ ሥራው ከመሬቱ ይጀምራል።

በጁን ወር ከዛፉ ሥር ያለውን አረምና ጠጠር አንሡ፤ መሬቱን ክብ አድርጋችሁ ደልድሉ፣ ጠቅጥቁ፣ በደንብ ጥረጉ። ከዚያ የተነፋ ነጭ የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) በትኑበት። ዱቄቱ ጠብታው ቶሎ እንዲደርቅና ንጹሕ እንዲሆን ይረዳል። ሳስቶ ከተበተነ ሙጫው ቀዩን አፈር ይይዛል፤ ያን ደግሞ በኋላ ቢላዋም በደንብ አያነሣውም። ብዙ ሰው የሚቻኮለው እዚህ ላይ ነው፤ ሙጫው እንዲወጣ ቅርፊቱን ከመብጣት ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ይህ ነው።

ብጣቱ ከጁላይ አጋማሽ በኋላ፣ በማለዳ ይሠራል። በሹል ትንሽ ብረት ከግንዱ ታች ጀምራችሁ ወደ ቅርንጫፎቹ ውጡ። አንዱ ብጣት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። ብረቱ ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱን ከነካ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ ዛፉም ይደክማል። የመተማን ዕጣን ሲመረት ያየ ሰው ልዩነቱን ልብ ይበል፦ እዚያ ያው ቁስል ደግሞ ደጋግሞ ይታደሳል፣ እዚህ ግን በየጊዜው በአዲስ ቦታ አዲስ ብጣት ይወጣል። ለጋ ዛፍ ላይ ብጣት አታብዙ።

ከዚያ ከ15 እስከ 20 ቀን መጠበቅ ነው። በዚህ መሐል ዝናብ ከጣለ ነጩ ዱቄት ይታጠባል፣ ያልደረቀው ሙጫም ከጭቃ ጋር ይቀላቀላል።

መልቀም የሚጀመረው ከኦገስት አጋማሽ ወዲያ ነው። ኦገስት 15 ግን የእመቤታችን የዕርገት በዓል ስለሆነ መንደሩ አደባባዩ ላይ ይውላል፤ በ1694 የተሠራው ቤተ ክርስቲያንም የተሰየመው በዚሁ በዓል ነው። የእኛ ፍልሰታ በነሐሴ 16፣ ማለትም በኦገስት 22 ስለሚውል ለመሄድ የሚያስብ ቀኑን እንዳያምታታ። የምትለቅሙት ገና ሳይሞቅ ነው፤ ቀትር ላይ ሙጫው ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። መጀመሪያ መሬት ላይ የረጋውን ትልልቁን፣ ቀጥሎ ትንንሹን፣ በመጨረሻ ግንዱ ላይ የቀረውን ፋቁ። ለቅማችሁ ስታበቁ ቀዝቃዛ ቤት አስቀምጡት፤ ፀሐይ ካገኘው እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ብርዳማውን የግሪክ ክረምት የሚይዘው ጽዳቱ ነው፤ መንደሩም በደንብ የሚታወቀው ያኔ ነው። የጎረቤት ሴቶች በአንዷ ቤት ተሰብስበው ጠረጴዛ ይከባሉ። ሙጫው በወንፊት ይነፋል፣ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠባል (ሙቅ ውኃ ያለሰልሰዋል)፣ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ ይደርቃል። ቀጥሎ እያንዳንዷ ፍሬ በትንሽ ቢላዋ ትፋቃለች። ይህን ለብቻ ልሥራው ያለ ሰው ወራት ይፈጅበታል። ዛሬ የእሷ፣ ነገ የጎረቤቷ እየተባለ ስለሚዞር ግን የሁሉም ይደርሳል። ወሬው፣ የልጆች ነገር፣ የመንደሩ ጉዳይም የሚነሣው በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

የጠራው ሙጫ በመጠኑ ተለይቶ ለመንደሩ ኅብረት ሥራ ይገባል፤ ከዚያም በ1938 ወደተቋቋመው የኪዮስ ማስቲካ አምራቾች ዩኒየን ይሄዳል። ትልቁንና ትንሹን ሳትለዩ አትውሰዱ፤ የሚመዘነውም የሚከፈለውም በየደረጃው ነው።